ትሎቹን ምች አልመታቸውም፦ ለሐር ልማት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

በየደረጃው ላሉ የግብርና መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ የሐር ትልን በጅምላ ስለሚፈጀው የባክቴሪያ በሽታ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በስምጥ ሸለቆ ቆላ ጉሎ እየቀጠፉ የሐር ትል ከሚያረቡ ሴቶች አንዷ ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ ያወጣሁት ጉዳዩ የእኔ ቤት ወይም የእኔ ቀበሌ ብቻ ስላልሆነ ነው። እናንተም አንብቡት፤ እንደ እኔ ያሉ አርቢዎችም ያንብቡት።

የሐር ትል ያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል። ትሉ ይፈለፈላል። አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ጣት አክሎ ይደርሳል። ኮኩን፣ ማለትም ራሱን የሚጠቀልልበትን የሐር ጎጆ፣ ሊሠራ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን መብላት ያቆማል። ከአፉ አረንጓዴ ፈሳሽ ያወጣል። ሰውነቱ ይልፈሰፈሳል። በማግሥቱ ጠቁሮና ሸትቶ ይገኛል። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ሰፌዱ በሙሉ ይከተላል።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ሲሆን «ምች መታቸው» ይባላል። «የሰው ዓይን ነው» የሚሉም አሉ። አርቢዋ ሰፌዱን አራግፋ፣ ለለፋችበት ቅጠልና ለጠፋው ጊዜዋ እያዘነች ትቀመጣለች። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቤት ውስጥ፣ እዚያው ሰፌድ ላይ አዲስ ትል ታስገባለች። ያው ይደገማል። ከዚያ ጉሎውን ነቅላ በቆሎ ትዘራለች። በዚህ መንገድ ሥራውን እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም። ትሎቻቸውን የገደለው ምን እንደሆነ የነገራቸው ግን አልነበረም።

የሚገድላቸው በአብዛኛው ባክቴሪያ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። በጥቅሉ በሽታው ፍላሼሪ ይባላል። ወደ ትሉ የሚገባባቸው መንገዶች ግን የታወቁ ናቸው። አብዛኞቹን መዝጋት የሚቻለውም በርካሽ ዋጋ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ከሆዱ ልጀምር። የጤነኛ ሐር ትል ሆድ አልካላይን ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። ፒኤቹ 10 ገደማ ይደርሳል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ እንደልባቸው መራባት አይችሉም። ትሉ ጥሩ ቅጠል በሰዓቱ እስከበላ ድረስ ይህ መከላከያው ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው ቅጠሉ ሲበላሽ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ያደረ ጉሎ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ መፍላት ይጀምራል። ዝናብ የመታው ቅጠል ሳይደርቅ ሲቀርብም ያው ነው። ገና የተፈለፈሉት ትንንሾች ለጋ ቅጠል ነው የሚፈልጉት። የጠና ሲሰጣቸው ይዳከማሉ። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ቤት አለ። ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ለጉሎ ሐር ትል የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ሲዋዥቅ አንድ ቀን ይጾማል፣ ሌላ ቀን ያለልክ ይበላል። ያኔ ድሮም በሆዱ በጥቂቱ የነበሩት ኢንተሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ ይበዙበታል። ኩሱ መቅጠን ይጀምራል። የሚበላው ከሰውነቱ ጋር አይዋሃድም። ሲደርስ የሚያወጣው የሐር ፈሳሽ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው መንገድ ቁስል ነው። የሐር ትል እግሮች ጫፋቸው መንጠቆ አለው። ሰፌዱ ላይ ከልክ በላይ ሲጨናነቁ አንዱ በሌላው ላይ እየሄደ ይቧጭረዋል። በጥድፊያ በእጃችን ስናነሳቸውም እንጎዳቸዋለን። በጭረቱ የገባው ባክቴሪያ በደም ውስጥ ይሰራጫል። ይህኛው በጣም ፈጣን ነው። ጠዋት ሲበላ የነበረው ማታ ሬሳ ሊሆን ይችላል። ሴራሺያ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሬሳው ወደ ቀይ ያደላል። እኛ ዘንድ ቀይ ሬሳ ያዩ ሰዎች ትሉ መርዝ የበላ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው በተለይ እናንተን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሺዋታ ሺጌታኔ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በድንገት ከሚረግፉ የሐር ትሎች ላይ አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ከ10 ዓመት በኋላ ጀርመን አገር ቱሪንጂያ በሚባል ክፍለ ሀገር በዱቄት ተባይ ላይም ተገኘ። ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ የሚለው ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ቢቲ እየተባለ በብዙ አገሮች እንደ ፀረ ተባይ ይሸጣል። ይህ ባክቴሪያ የመርዝ ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ የሚሟሟው አልካላይን በሆነ ሆድ ውስጥ ነው። ሌላውን ባክቴሪያ የሚከላከልለት የትሉ ሆድ ይህንን ግን ራሱ ያሟሟዋል። የሆዱ ግድግዳ ይበሳሳል፣ ትሉ ሽባ ይሆናል፣ ይሞታል።

ቢቲ ለሰውና ለከብት ጉዳቱ አነስተኛ ስለሆነ ከብዙ ኬሚካሎች የተሻለ መድኃኒት ነው። ጎመንና ቲማቲም በሚያበላሽ ትል ላይ ቢረጭ ቅር አይለኝም። ግን የሐር ትልም ትል ነው። ርጭቱ አጥር ላይ በበቀለ ጉሎ ላይ ካረፈ ያንን ቅጠል ቀጥፈን የምናበላው እኛው ነን። የባክቴሪያው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየው ጠንካራ መልኩ፣ ደግሞ በአቧራና በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ዛሬ የሞተው ትል ተራግፎ ጓሮ ቢጣል ከወራት በኋላ በነፋስና በእግር ተመልሶ ቤት ይገባል።

አሁን ስለ ስርጭቱ ልናገር። እዚህ ላይ ብዙ እላለሁ፤ ገበሬው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ነውና። የታመመው ትል ቅጠሉ ላይ ያስታውካል፣ ኩሱንም ይጥልበታል። ጤነኛው መጥቶ ያንኑ ቅጠል ይበላል። በሽታው በሰፌዱ ላይ የሚዛመተው በዚህ ነው። ከሰፌድ ወደ ሰፌድ የሚያሻግረው ግን የእኛ እጅ ነው። የሞተውን ለቅመን በዚያው እጅ ቅጠል እንበትናለን። የታመመውን ሰፌድ ያጸዳንበትን መጥረጊያ ጤነኛው ላይ እናሳርፋለን። ምቹ ሙቀት ያገኘ ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል ብንል አንዱ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ማታ ሳይነሳ ያደረ አንድ ሬሳ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዙሮችን መደራረብ ነው። አርቢው ገቢው እንዳይቋረጥበት ትልልቆቹ ኮኩን ሳይሠሩ አዲስ የተፈለፈሉትን እዚያው ክፍል ያስገባል። እኔም ምክንያቱን እረዳለሁ። ልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ ወጪ አለ። ነገር ግን ትልልቆቹ በሽታ ይዘው ሲቆዩ ታናናሾቹ ገና በመጀመሪያ ቀናቸው ያገኙታል። ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ባዶ አይሆንም። ባዶ ያልሆነ ቤት ደግሞ በደንብ ታጥቦ አይጸዳም። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ቤት ለሙቀቱ ከቆርቆሮ ይሻላል፤ ለማጽዳት ግን አስቸጋሪ ነው። ይህን ችግር ከእናንተ ወገን ያሉ ባለሙያዎች ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ግድግዳውን ኖራ መቀባት፣ ወለሉ ላይ የሚነሳ ሸራ ማንጠፍ ብዙ ያቃልላል።

ኮኩኑ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ብዙ ሰው በሞተው ትል ቁጥር ብቻ ይለካዋል። ጉዳቱ ከዚያ ይሰፋል። የሐር ትል በዕድሜው ከሚበላው ቅጠል 80 በመቶ ገደማውን የሚበላው በመጨረሻው እርከን፣ ማለትም ቆዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ከቀየረ በኋላ ነው። ፍላሼሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጀው በዚያው ሰዓት ነው። ማለትም ትሉ የሚሞተው የቀጠፍነውን ሁሉ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከሞት የተረፈውም ሙሉ ጤና የለውም። ኮኩን ይሠራል፤ ግን ሲጨብጡት የሚጎደጉድ ስስ ነው። ወይም ጀምሮ መሃል ላይ ይተወዋል። ወይም ሠርቶ ሲጨርስ ውስጡ ይሞትና ፈሳሹ ኮኩኑን ከውስጥ ያጠቁረዋል። የጉሎ ሐር የሚሸጠው በባዶ ኮኩን ክብደት ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ2,000 በላይ ጤነኛ ኮኩን ያስፈልጋል። ኮኩኑ ሲሳሳ ይህ ቁጥር ይጨምራል። የጠቆረው ደግሞ ቀለም እኩል አይቀበልም። ፈታዮቹ ክሩ ይበጠሳል እያሉ ይመልሱታል። የጉሎ ሐር የሙልበሪ ዛፍ ቅጠል እንደሚበላው ትል ሐር ከኮኩኑ እየተመዘዘ አይወጣም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ስለዚህ የኮኩኑ ጥራት የፈታይዋን እጅ፣ ቀጥሎም የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ ሥራ በቀጥታ ይነካል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘር የሚሆኑት ቢራቢሮዎች የሚወጡት ከእነዚሁ ደካማ ኮኩኖች ነው። አንዲት የጉሎ ሐር ቢራቢሮ ጤነኛ ከሆነች ከ300 በላይ እንቁላል ትጥላለች። የታመመችው ግን ጥቂት ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ያነሰ ነው።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ በዓመት 26,000 ቶን ገደማ ኮኩን ታመርት ነበር። በ1865 ወደ 4,000 ቶን ወረደች። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ችግሩን እንዲያጠና ተላከ። በደቡብ ፈረንሳይ አሌ ከተማ አጠገብ ትል እያረባ ለዓመታት ሠራ። መጀመሪያ አንድ በሽታ ነው ብሎ ነበር የገመተው። በኋላ ሁለት ሆነው አገኛቸው። አንዱ ፔብሪን ነው፤ ከእናት በእንቁላል ውስጥ ያልፋል፤ ባክቴሪያም አይደለም። ሌላው ፍላሼሪ ነው፤ በተበላሸ ቅጠል፣ በመጨናነቅ፣ በአየር እጦትና በአቧራ ይባባሳል። ለመጀመሪያው እናቶቹን በማይክሮስኮፕ እየመረመሩ ንጹሑን ዘር ብቻ ማስቀረት እንደሚያዋጣ አሳየ። ለሁለተኛው ደግሞ ዘር የሚያዝላቸውን ትሎች ኮኩን ሊሠሩ ሲወጡ ተመልከቱ አለ። ፈጥነውና ነቅተው ከወጡ ዘር ይያዝላቸው፤ ከፈዘዙና ከዘገዩ አይያዝላቸው። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ዛሬ እኛም ቤት ሊሠራ ይችላል። የትኛው አርቢ ግን ይህ ተነግሮታል?

እንግዲህ የምጠይቀውን ልጠይቅ።

እንቁላል ሲታደል ከየት እንደመጣ፣ እናቶቹ ተመርምረው እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። አሁን ጎረቤት ከጎረቤት እንቁላል እየተቀባበለ በሽታውንም አብሮ እየተቀባበለ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሐር ሥራን ለዓመታት ሲያጠና የቆየ ነው። እውቀቱ አገር ውስጥ አለ። ከዚያ ወደ ዞንና ወረዳ የሚወርድ የንጹሕ ዘር ሰንሰለት ያስፈልገናል። ማይክሮስኮፕና እሱን መጠቀም የሚችል አንድ ሰው በዞን ደረጃ መኖር ከባድ ነው ብዬ አላምንም።

ትንንሾቹን ትሎች በጋራ ማሳደግ ይሞከር። በሕንድና በጃፓን የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች በአንድ ንጹሕ ማዕከል ያልፋሉ፤ ከዚያ ትሎቹ ለየአርቢው ይከፋፈላሉ። በጣም ተጋላጭ የሆኑበት ጊዜ በባለሙያ እጅ ያልፋል ማለት ነው። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ባለበት ቀበሌ ሁሉ አንድ ክፍል ለዚህ ቢለቀቅ የዙሮች መደራረብም በራሱ ይቀንሳል፤ ሁሉም ትሉን በአንድ ቀን ይረከባል፣ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል፣ በአንድ ጊዜ ቤቱን ያጥባል።

ለማጠቢያ የሚሆነን ነገር ይቅረብ። በሌላ አገር የሚሠራበት መጠን በ100 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ የክሎሪን ዱቄትና 300 ግራም ኖራ ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ቆሻሻው ቀድሞ ተጠርጎ ሲታጠብ፣ ግድግዳውና ወለሉ፣ ሰፌዱና መደርደሪያው በዚህ ይረጫል። ቆሻሻው ሳይነሳ ከተረጨ ክሎሪኑ በቆሻሻው ላይ ያልቃል። ሱቅ ያለውን በረኪና ለዚህ የምንጠቀም አለን፤ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ ግን እያንዳንዳችን በግምት ነው የምንሠራው። አንድ ገጽ መመሪያ በአካባቢው ቋንቋ ይበቃናል። ፎርማሊን የሚባለውን መርዛማ ኬሚካል ግን አታምጡብን። ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት ውስጥ የሚረጭ ነገር አይደለም።

ስለ ኖራው አንድ ነገር ላክል። ለአሲዳማ አፈር የሚታደለው ኖራ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ለትል አልጋ የሚፈለገው ተቃጥሎ በውሃ የበረደው ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ አይሠሩም። ስማቸው አንድ በመሆኑ የአፈሩን ኖራ ትል ላይ ነስንሰው «ኖራም አልሠራ» ያሉ አርቢዎች ገጥመውኛል። ትሎቹ ቆዳ ሲቀይሩ አልጋቸው ላይ በስሱ የሚነሰነስ ትክክለኛ ኖራ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክማል። ልዩነቱ በልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሥልጠና ውስጥ ይግባ።

ርጭት ከመደረጉ በፊት አርቢዎች ይነገረን። የአትክልትም ይሁን የጥጥ፣ ቢቲም ይሁን ኬሚካል። ወባ ለመከላከል ቤት ለቤት የሚረጨውም እንዲሁ ነው። ወባ ልጆቻችንን ይገድላል፤ ይረጭ። አንድ ቀን ቀድሞ ከተነገረን ትሎቹን አውጥተን ሌላ ቦታ እናሳድራለን። ካልተነገረን በመርዝ የሞተውን በበሽታ እንደሞተ ቆጥረን ቤት ስናጥብ እንከርማለን።

የታመመ ትል የምንልክበት ቦታ ይኑር። አንዴ ሰፌድ ሙሉ ትል ሲረግፍብኝ የታመሙትን በጠርሙስ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበሉኝ ሰዎች ትሁት ነበሩ፤ የሚያዩበት መሣሪያም የሚልኩበት አድራሻም ግን አልነበራቸውም። አርቢው መልስ ሲያጣ ደግሞ የሰው ወይም የዶሮ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ቅጠል ላይ ይረጫል። ይህን ሲደረግ አይቻለሁ፤ ያስፈራኛል። የተበላሸ ቅጠልና የተጨናነቀ ሰፌድ በአንቲባዮቲክ አይስተካከልም። መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ግን ልጆቻችን በሚተኙበት ቤት ውስጥ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ በሪፖርታችሁ ላይ የተሸጠ ኮኩን ይቆጠር። ስንት እንቁላል ታደለ፣ ስንት ወጣት ሠለጠነ የሚለው መልካም ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ትል ኮኩን እንደሠራና ኮኩኑ ስንት ኪሎ እንደመዘነ ካልተጻፈ ግን በሽታው በወረቀት ላይ በጭራሽ አይታይም። ካልታየ ደግሞ በጀት አያገኝም።

እኛ በበኩላችን ማድረግ የምንችለውን ጀምረናል። የሞተውን ጠዋትና ማታ በእንጨት መቆንጠጫ እያነሳን ኖራ ያለበት ጣሳ ውስጥ እንጨምራለን፤ ከዚያ ርቀን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብራለን። ከትንንሾቹ ጀምረን ወደ ትልልቆቹ እንሄዳለን እንጂ ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ አንመለስም። ቅጠሉን በከረጢት ሳይሆን በቅርጫት፣ ጥላ ሥር እናቆያለን። እጃችንን እንታጠባለን። በእነዚህ ብቻ ልዩነቱ ታይቶናል። የዘሩ ንጽሕና ግን በእኛ አቅም አይፈታም።

ቀጣዩ ዝናብ ጥሎ ጉሎው ከማቆጥቆጡ፣ የእንቁላል እደላውም ከመጀመሩ በፊት መልስ እንድትሰጡን እጠይቃለሁ። ከሁሉም አስቀድሞ የሚያስፈልገን የክሎሪን ዱቄቱ፣ ትክክለኛው ኖራና የአንድ ገጹ መመሪያ ነው። እነሱ ከደረሱን እንቁላሉን ከመረከባችን በፊት ቤቶቻችንን አጥበን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጉሎ ሐር አርቢ